ጉድለት ፍለጋ

ወጣቶች አንባቢዎቼ ሆይ፤ ከዚህ በታች የምተርክላችሁ የኮምፒዩተር ነገር ነው፤ ይሁን እንጂ እኔ የኮምፒዩተር ሊቅ አይደለሁም። እንጀራዬ የሒሳብ መዝገብ መያዝ ነው፤ ዕድሜዬም ሃምሳን አልፏል። ነገሩ የደረሰው በ2015 ዓ.ም. በጥር ወር ሲሆን እስከ ዛሬ ሳልጽፈው የቆየሁት ስላፈርሁ ነው። አሁንም የምጽፈው እፍረቱ ስለ ለቀቀኝ አይደለም። ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከእኔ በቀር የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም ለማንም አልነገሩብኝም። ብዕር ያስነሣኝ የእነርሱ ዝምታ ነው።

ቤቴ ጉለሌ፣ ጳውሎስ ሰፈር ነው። ሰፈሩን የማታውቁ ብትኖሩ፣ ልቡ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተመሠረተውና ዛሬ የሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የሆነው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው። በደጁ ገና ሳይነጋ ሰው ይሰለፋል፤ በዙሪያው መድኃኒት ቤትና ፎቶ ኮፒ ቤት ተደርድሯል፤ ከክፍለ ሀገር በሽተኛ ይዘው የመጡ ሰዎች ፔርሙስና ብርድ ልብስ ታቅፈው በአጥሩ ሥር ይቀመጣሉ። በዚህ ሰፈር የሚኖር ሰው «ምን አገኙበት?» የሚለውን ጥያቄ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሰማ ቆጥሬ ልነግራችሁ አልችልም። በታክሲው ውስጥ፣ በሻይ ቤቱ፣ በስልክ ላይ፣ ሁሉም እርሱን ይጠያየቃል።

በዚያ ዓመት የእኅቴ ልጅ ከደብረ ብርሃን መጥቶ ከእኔ ጋር ይኖር ነበር። 11ኛ ክፍል ነው። ስለ ኮምፒዩተር የሚማረው ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ነበር፤ መምህሩ የመሣሪያውን ክፍል በጠመኔ እየሣሉ «ይህ ራም ነው፤ ይህ ፕሮሰሰር ነው» ይሏቸዋል፤ ልጆቹም ይገለብጣሉ። አንድ ማታ ደብተሩን ሳገላብጥ ያን በእስክሪብቶ የተሣለ ኮምፒዩተር አየሁና ሆዴ ባባ። ተሠርቶ ያለቀውን ለመግዛት አቅም አልነበረኝም፤ ዳሩ ግን ዕቃውን አንድ በአንድ እየለቀሙ ቢገጣጥሙት በርካሽ እንደሚወጣ ሰምቼ ነበርና «እኛው ራሳችን እንሠራዋለን» አልሁት። ልጁ ያን ሌሊት ሲገላበጥ አደረ።

እውነቱን ለመናገር ግን ያነሣሣኝ የልጁ ፍቅር ብቻ አልነበረም። በግቢያችን የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲበላሽ፣ ካውያ ሲቃጠል፣ ሬዲዮ ሲያንኮራፋ የምጠራው እኔ ነኝ። ደግሞም በወጣትነቴ፣ በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ፣ ሦስት ወር የኮምፒዩተር ትምህርት ተምሬ ነበር፤ መምህራችንም አንድ ቀን የመሣሪያውን ሆድ ከፍቶ አሳይቶናል። ይህችን የሦስት ወር ዕውቀት ከ25 ዓመት በላይ በጉያዬ ይዤ ኖርሁ። ማንም ስላልፈተነኝ የምትሠራ ይመስለኝ ነበር።

ዕቃውን ለማሟላት ስምንት ወር ፈጀብን። ሣጥኑን አንድ የኢንተርኔት ቤት ሲዘጋ ከተሸጠው ዕቃ ላይ አገኘነው፤ ጉድለት ሲኖር የምትጮህ ትንሽ ድምፅ ማጉያ እንኳ ነበረችው። ማዘርቦርዱን፣ ፕሮሰሰሩንና ራሙን በአንድነት መርካቶ ውስጥ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥ አንድ ነጋዴ ገዛሁ። ስክሪኑን አንድ የሥራ ባልደረባዬ በጥቂት ብር ለቀቀልኝ። መጨረሻ የቀረው ለሁሉም ኤሌክትሪክ የሚያድለው፣ ፓወር ሰፕላይ የሚሉት ዕቃ ነው። ያን ሳምንት የሒሳብ መዝጊያ ስለ ነበረ መውጣት አልቻልሁም፤ 3,200 ብር ሰጥቼ የእኅቴን ልጅ ላክሁት። አዲስ ዕቃ ከነካርቶኑ ይዞ፣ 150 ብርም መልሶ መጣ። ይህን 150 ብር አስታውሱልኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ቡናው ተጠጥቶ ረከቦቱ ከተነሣ በኋላ፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋነው። በሰው ገላ ላይ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳይጎዳ አስቀድመን የሣጥኑን ብረት ነካን። ማዘርቦርዱን በብሎን አሰርነው፤ ራሙ በቦታው ሲገባ ቀጭ አለ። ከፓወር ሰፕላዩ የሚወጣው ገመድ ብዙ ነው፤ እንደ ተፈታ ሹሩባ ይንጠለጠላል። ትልቁን፣ 24 ቀዳዳ ያለውን፣ በማዘርቦርዱ ላይ ሰካሁ፤ አንዱን ለሃርድ ዲስኩ ሰጠሁ። ከቀሩት ብዙዎቹ ቦታ የላቸውም፤ ለተጨማሪ ዲስክና ለሌላ ነገር የተዘጋጁ ናቸውና። ልጁ አንድ አንዱን ብድግ እያደረገ «ጋሼ፣ ይህስ የት ነው የሚገባው?» ይላል፤ እኔም «እሱ ትርፍ ነው» እላለሁ። ትርፎቹን ሁሉ ሰብስቤ በላስቲክ ማሰሪያ አጥብቄ አሰርሁና ከሣጥኑ ጎን ሸሸግኋቸው። ሥራዬን ዞር ብዬ ሳየው እንደ ሱቅ ዕቃ ያማረ ነበር።

ቁልፉን እንዲጫን ክብሩን ለልጁ ተውሁለት። ተጫነ። ማራገቢያው ዞረ፤ አረንጓዴ መብራት በራ፤ ልጁ አጨበጨበ። ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደ ሆነ ቀረ። ጥቂት ቆይቶ ሲግናል እንደሌለ የሚናገር አንድ ቃል በእንግሊዝኛ አሳየና እርሱም ጠፋ። አጥፍተን አበራን። ማራገቢያው ዞረ፤ መብራቱ በራ፤ ጥቁሩ ጥቁር ነው።

እዚህ ላይ፣ እኔ በኋላ ያወቅሁትን እናንተ አስቀድማችሁ ብታውቁት ይሻላል። ፈረንጆቹ የኮምፒዩተርን መነሣት «ቡት» ይሉታል፤ ቃሉም ከጫማ የመጣ ነው። በቡት ጫማ አፍ ላይ እግርን ለማስገባት የሚስቡት ማንገቻ አለ፤ ሰው ያን ማንገቻ ይዞ ራሱን በራሱ ከመሬት ሊያነሣ ይሞክራል የሚል የቆየ ቀልድ አላቸው። ኮምፒዩተርም ራሱን በራሱ የሚያስነሣ ስለሚመስል ስሙ ከዚያ ወጣለት። ነገር ግን የሚያደርገው ሌላ ነው። ቁልፉ ሲነካ ፓወር ሰፕላዩ ከግድግዳው የሚመጣውን 220 ቮልት ወደ 12፣ ወደ 5ና ወደ 3.3 ቮልት ይለውጣል፤ ኃይሉ መርጋቱን ሲያረጋግጥ ለማዘርቦርዱ «አሁን ጀምር» የሚል ምልክት ይልካል። ይህ ሁሉ አንድ ሴኮንድ አይሞላም። ያን ጊዜ ፕሮሰሰሩ ይነቃና በማዘርቦርዱ ላይ በአንዲት ትንሽ ቺፕ ውስጥ የተጻፈለትን ትእዛዝ ማንበብ ይጀምራል። ትእዛዙ በአጭሩ «ዕቃህን ቁጠር» የሚል ነው፤ ራሙ አለ? ሥዕል የሚያወጣው ክፍል አለ? ኪቦርዱ አለ? አይቢኤም የተባለው ኩባንያ በነሐሴ 1981 እ.ኤ.አ. ያወጣው የግል ኮምፒዩተር ይህንኑ ቆጠራ ያደርግ ነበር፤ የጎደለ ሲያገኝም በድምፅ ያሳውቅ ነበር። ዊንዶውስም ሆነ ሊኑክስ ከዲስኩ ላይ የሚነሣው ይህ ቆጠራ ካለቀ በኋላ ነው። እንግዲህ እያንዳንዱ የሚነቃው ከፊቱ ያለው ሲቀሰቅሰው ነው ማለት ነው፤ ፕሮሰሰሩ ራሱ ካልነቃ ግን የሚቆጥርም፣ የሚጮህም የለም። የእኛ መሣሪያ አልጮኸም። ራም ቢጎድለው ይጮህ ነበር፤ ዝም ማለቱ ራሱ ትልቅ ምልክት ነበር። እኔ ግን የሚዞረውን ማራገቢያ እያየሁ «ይኸው ነፍስ አለው» እል ነበር።

የመጀመሪያው ተከሳሼ መብራቱ ሆነ። በዋዜማው ማታ ጠፍቶ ሲመጣ አምፖሉ ብልጭ ብሎ ነበርና «ያ ነው ያቃጠለው» አልሁ። ልጁ ቀስ ብሎ «ጋሼ፣ ትናንት እኮ ዕቃው ከካርቶኑም አልወጣም ነበር» ቢለኝ ተቆጣሁት። እውነት ስለ ተናገረ መሆኑ ነው።

ከዚያ በኋላ እጄ ያልነካው ነገር የለም። ራሙን አውጥቼ የወርቅ ጥርሱን በላጲስ ፈተግሁት፤ ቦታውን ለወጥሁ፤ እንደ ሳንቲም የምትመስለውን ባለ 3 ቮልት ባትሪ ነቅዬ መለስሁ፤ የስክሪኑን ገመድ ቀየርሁ፤ ሃርድ ዲስኩን ለየሁ። ይህን ሁሉ ያደረግሁት በአንድ ትንፋሽ ነው። ቢሠራ ኖሮ እንኳ የትኛው እንዳዳነው አላውቅም ነበር፤ ባለመሥራቱም የትኛው ንጹሕ እንደ ሆነ አላወቅሁም።

በመስከረም 1947 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ማርክ 2 የሚባል አንድ ክፍል የሚሞላ ኮምፒዩተር ሥራ አበላሸ። ሠራተኞቹ ሲፈልጉ ሲፈልጉ በአንዱ የኤሌክትሪክ ማብሪያ ውስጥ አንዲት የእሳት ራት አገኙ። ነፍሳቷን በቴፕ ከመዝገባቸው ገጽ ላይ ለጥፈው፣ የተገኘችበትን ሰዓት ጻፉ። ታሪኩን በዓለም ያስታወቀችው ግሬስ ሆፐር የተባለችው የባሕር ኃይል መኮንንና የሒሳብ ሊቅ ናት፤ መዝገቡም እስከ ዛሬ በአሜሪካ ሙዚየም ይገኛል። ሰው ሁሉ ይህን ታሪክ የሚወደው ስለ እሳት ራቷ ነው፤ እኔን የነካኝ ግን መዝገቡ ነው። እነዚያ ሰዎች በስንት ሰዓት ምን እንደ ሞከሩ ይጽፉ ነበር። እኔ፣ መዝገብ በመያዝ እንጀራ የምበላ፣ ሃምሳ ሳንቲም ስትጎድል ሦስት ቀን ደረሰኝ የማገላብጥ ሰው፣ ያን ማታ አንዲት መስመር አልጻፍሁም። በመሥሪያ ቤት የምፈልገው የሌላ ሰው ስሕተት ስለ ሆነ ይሆናል።

ሰኞ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ማዘርቦርዱን ከነፕሮሰሰሩና ከነራሙ በካርቶን ጠቅልዬ መርካቶ ወረድሁ። የነጋዴው ሱቅ ጠባብ ነው፤ አራት አምስት ገበያተኞች ነበሩ። በሰላምታ አልጀመርሁም። «የሞተ ዕቃ ነው የሸጥህልኝ!» አልሁ፤ ድምፄን ከፍ ያደረግሁትም ገበያተኞቹ እንዲሰሙ ነበር። አንዲት ልጅ ልትገዛው የያዘችውን ኪቦርድ አስቀምጣ ወጣች። ነጋዴው በልጅነቱ ሊታዘዘኝ የሚገባ ወጣት ነው፤ ሆኖም የሚያሳፍረው ነገር እንደሌለ ሰው ረጋ ብሎ «ጋሼ፣ ይቀመጡ» አለኝ። አልተቀመጥሁም።

ማዘርቦርዱን በባዶ ካርቶን ላይ አጋደመው፤ ከራሱ ፓወር ሰፕላይ ገመድ ሰካ፤ የራሱን ስክሪን አገናኘ፤ ከዚያም ቁልፍ ሳይኖር ሁለቱን የመነሻ ሽቦዎች በካቻቢቴ ጫፍ ለቅጽበት አነካካ። አንድ ጊዜ ጢጥ አለና በስክሪኑ ላይ ነጭ ፊደል ወጣ። «ይሠራል ጋሼ» አለ። ምን ከምን ጋር እንዳገናኘ ያን ጊዜ ብመለከት ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ። እኔ ግን እጁን ሳይሆን ፊቱን ነበር የማየው፤ ይስቅብኝ እንደ ሆነ ለማወቅ። አልሳቀም። እንዲያውም ዕቃውን መልሶ እየጠቀለለ «ገመዱን ሁሉ ሰክተዋል?» ሲል ጠየቀኝ። «ልጅ መሰልሁህ?» አልሁና ካርቶኔን አንሥቼ ወጣሁ። ይቅርታ የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም።

በታክሲ ከመርካቶ እስከ ጳውሎስ መንገዱ አጭር ነው፤ ለክፉ ሐሳብ ግን ይበቃል። ማዘርቦርዱ ደኅና ነው፤ ፕሮሰሰሩና ራሙም ደኅና ናቸው። ስክሪኑ ሲሠራ በዐይኔ አይቼዋለሁ። እንግዲህ የቀረው ፓወር ሰፕላዩ ነው። እርሱን የገዛው ማን ነው? ዋጋውንስ የሚያውቀው ማን ነው? 150 ብር መልሶ መምጣቱ አሁን ሌላ መልክ ያዘ፤ ቀድሞ ታማኝነቱን ያሳየኝ ገንዘብ፣ ከሆስፒታሉ ደጅ ስወርድ የተንኮሉ መሸፈኛ ሆኖ ታየኝ። አንባቢ ሆይ፣ ልብ በል፤ ከቅዳሜ ወዲህ ስለ ልጁ የሰማሁት አንዲት አዲስ ነገር አልነበረም። ልጁም ያው፣ ገንዘቡም ያው ነው።

ቤት ስገባ ደብተሩ ላይ አቀርቅሮ ነበር።

«ፓወር ሰፕላዩን በስንት ነው የገዛኸው?»

«በ3,050 ብር፣ ጋሼ።»

«እውነቱን ንገረኝ።»

«እውነቴን ነው።»

«የተጣለ ዕቃ በግማሽ ዋጋ ገዝተህ የቀረውን ምን አደረግኸው?»

ቀና ብሎ አየኝ። አልተቆጣም፤ አላለቀሰምም። ደብተሩን ከደነ፣ እስክሪብቶውን በላዩ አስተካክሎ አኖረና ተነሣ። «ልውጣ፣ ጋሼ?» አለኝ። ያን በመሰለ ሰዓት እንኳ ፈቃድ ጠየቀኝ። እኔም «ውጣ» አልሁት።

መሸ። ወደ ምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ እናቱ ከደብረ ብርሃን ደወለች። «ልጄስ?» ስትል «ወጣ ብሎ ነው፤ ደኅና ነው» አልኋት። ስልኩን ስዘጋ ቤቱ በጣም ጸጥ ያለ መሰለኝ።

ጥፋተኛነቱን በማስረጃ ላጸና ብዬ ፓወር ሰፕላዩን ለብቻው አወጣሁት። ከማዘርቦርድ ሳይገናኝ መሥራቱን ለመፈተን ከትልቁ ጫፍ ላይ አረንጓዴውን ሽቦ ከአንዱ ጥቁር ጋር በአግራፍ ማገናኘት ይበቃል፤ አግራፉ የሚገባው ግን ስፒናው ከግድግዳው ተነቅሎ ሳለ ነው፤ የዕቃውንም ሣጥን ከቶ አትክፈቱ፤ ከተነቀለ በኋላም በውስጡ የሚገድል ኃይል ይቀራል። ስፒናውን ስመልስ ማራገቢያው ዞረ። ምጣድ የምጠግንበትን ቴስተር አምጥቼ ለካሁ። በቢጫው 12 ቮልት፣ በቀዩ 5 ቮልት፣ በብርቱካኑ 3.3 ቮልት። ቴስተሩ ዋሽቶ ይሆናል ብዬ የቴስተሩን ባትሪ ቀየርሁ። ደግሜ ለካሁ። ያው ነው።

ተቀመጥሁ። ማዘርቦርዱ ደኅና፣ ስክሪኑ ደኅና፣ ፓወር ሰፕላዩ ደኅና። ለየብቻቸው ሁሉም ሕያው፣ በአንድነት ግን ሙት። ይህን ሁሉ ያገናኘው ማን ነው? እስከዚያች ሰዓት ድረስ መብራቱን ከስሼ፣ ነጋዴውን ከስሼ፣ ያደራ ልጅ ከስሼ ነበር፤ እነዚህን ሁሉ ክፍሎች ከዳር እስከ ዳር የነካ አንድ እጅ ግን ሳይመረመር አልፏል።

ጎረቤቶቼ ሐኪሞች በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በዚህ በጳውሎስ ሆስፒታል በአገራችን የመጀመሪያውን የኩላሊት ንቅለ ተከላ አድርገዋል። ያን ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ ስለ እርሱ ሲያወራ አንዲት ነርስ ጎረቤቴ ያጫወተችኝ ትዝ አለኝ። ደኅና ኩላሊት ከደኅና ሰው ተወስዶ በበሽተኛው ገላ ውስጥ መቀመጡ ብቻ ዋጋ የለውም፤ የደም ሥሩ ከደም ሥር ጋር መጋጠም አለበት፤ ደሙ ሲለቀቅበት መልኩ ሲለወጥ ይታያል። «ምን አገኙበት?» የሚለውን የሰፈሬን ጥያቄ ስንት ዓመት ሰምቼዋለሁ፤ ማንም ግን መርማሪው በራሱ ምን እንዳገኘ ሲጠየቅ አልሰማሁም።

ፓወር ሰፕላዩን ወደ ካርቶኑ ልመልስ ብዬ ክዳኑን ስከፍት በሥሩ የታጠፈ ወረቀት አየሁ። ካርቶኑ ከገባ ጀምሮ አንድም ቀን ወደ ውስጡ አልተመለከትሁም ነበር። ወረቀቱ የእያንዳንዱን ገመድ ጫፍ በሥዕል የሚያሳይ መመሪያ ነበር። በእርሱ ውስጥ ደግሞ ሌላ ትንሽ ወረቀት አለ፤ ደረሰኝ ነው። ቀኑ፣ ማኅተሙ፣ የዕቃው ስም አለ። ዋጋው 3,050 ብር ነው።

ደረሰኙን ይዤ ስንት ደቂቃ እንደ ቆምሁ አላውቅም። መመሪያውን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። በሥዕሉ ላይ ስምንት ቀዳዳ ያለው፣ ለሁለት የሚከፈል አንድ ጫፍ አለ፤ በአጠገቡ «ሲፒዩ» ተብሎ ተጽፏል፤ ይኸውም ለፕሮሰሰሩ ማለት ነው። እኔ በተማርሁበት ዘመን ኮምፒዩተር እንዲህ ያለ ገመድ አልነበረውም፤ ፕሮሰሰሩ ኃይሉን ከማዘርቦርዱ ትልቅ ገመድ ይካፈል ነበር። ነገር ግን ፕሮሰሰሮቹ እየበረቱ ኃይል እየጠጡ ሲሄዱ፣ ፔንቲየም 4 በወጣበት በ2000 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ ለፕሮሰሰሩ ለብቻው 12 ቮልት የሚያመጣ ገመድ ተጨመረ። እኔ ከትምህርት ቤት ከወጣሁ በኋላ ዓለም አንድ ገመድ ጨምራ ኖሯል፤ እኔ ግን ያወቅሁትን ሁሉ የቻልሁ፣ የማላውቀውን ሁሉ ትርፍ ያልሁ ሰው ነበርሁ። ማራገቢያው የሚዞረው፣ መብራቱም የሚበራው በትልቁ ገመድ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ግን ጠብታ ኃይል አላገኘም።

የላስቲክ ማሰሪያዬን በመቀስ ቆረጥሁ። ያሰርሁት ጠንክሮ ነበርና ጊዜ ወሰደ። ገመዱ እዚያው ነበር። በማዘርቦርዱ ጥግ፣ ከፕሮሰሰሩ አጠገብ፣ ስምንቱ ቀዳዳ ከቅዳሜ ጀምሮ አፉን ከፍቶ ይጠብቅ ነበር። ልጁም ቅዳሜ ዕለት ይህንኑ ጫፍ ይዞ «ይህስ የት ነው የሚገባው?» ብሎኝ እንደ ነበር አስታወስሁ። «አላውቅም» ብለው ኖሮ ሁለታችንም እንፈልገው ነበር። ነገር ግን በልጅ ፊት አላውቅም ማለት ከብዶኝ ነበር።

ገመዱን አልሰካሁትም። ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ።

ያገኘሁት በሆስፒታሉ አጥር ሥር ነው። ከክፍለ ሀገር ከመጡት አንዲት አሮጊት አጠገብ ተቀምጦ በስልኩ መብራት የመድኃኒታቸውን ወረቀት ያነብላቸው ነበር። ሲያየኝ ብድግ አለ። በዚያ ሰዓት በአክብሮት መነሣቱ ከሁሉ ይልቅ ጎዳኝ።

«ልጄ፣ በድዬሃለሁ» አልሁት። «ዕቃው ደኅና ነው። ደረሰኙንም ከካርቶኑ ውስጥ አገኘሁት።»

«አዎ፣ እዚያ ነው ያስቀመጥሁት» አለኝ።

«ታዲያ ምነው ያን ጊዜ ብታሳየኝ?»

ጥቂት አሰበ። «አልጠየቁኝም እኮ፣ ጋሼ። ነገሩኝ እንጂ» አለ።

መልስ አልነበረኝም። አሮጊቷ ወደ እኔና ወደ እርሱ እያዩ ዝም አሉ። ልጁ የቀረውን አንብቦላቸው፣ ክኒኑ ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ ደግሞ ነግሯቸው፣ ከዚያ አብረን ወደ ቤት ሄድን። ከእናቱ ጋር አገናኘሁት፤ እርሱም ምንም እንዳልሆነ ሰው «ውጭ ነበርሁ፣ እማዬ» አላት። ገመዱን የሰካው እርሱ ነው። ስምንቱ ጥርስ ሲገባ ቀጭ አለ፤ ቁልፉን ተጫነ፤ ድምፅ ማጉያዋ አንድ ጊዜ ጢጥ አለች፤ ፊደሉም ወጣ። ቅዳሜ ዕለት ለሚዞር ማራገቢያ አጨብጭቦ የነበረው ልጅ በዚህ ጊዜ አላጨበጨበም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለታችንም መርካቶ ሄድን። ሱቁ ውስጥ ያን ዕለት ከነበሩት ገበያተኞች ማንም አልነበረም፤ ስለዚህ ይቅርታዬን የሰማው ነጋዴው ብቻ ነው፤ ስድቤን ግን አምስት ሰው ሰምቶት ነበር። ይህን ነገርሁት። «ምንም አይደል ጋሼ፤ በዚያች ገመድ ተቆጥቶ የሚመጣ ብዙ ሰው ነው» አለኝና ወደ ልጁ ዞሮ የተከፈተ ማዘርቦርድ አውርዶ አንድ በአንድ ያሳየው ጀመር። ልጁም ይጠይቃል፤ ነጋዴውም አንዳንዱን ይመልሳል፣ አንዳንዱንም «እሱን አላውቀውም፤ እንየው» ይላል። እኔ የገዛነውን ማውዝ በፌስታል ይዤ በሩ አጠገብ ቆሜ ጠበቅኋቸው።

ልጁ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። ኮምፒዩተሩ አሁንም ቤቴ ውስጥ አለ፤ ይህንንም ጽሑፍ በአማርኛ ፊደል የጻፍሁት በእርሱ ላይ ነው። ልጁ ለዕረፍት ሲመጣ እንደ ድሮው ሱቅ እልከዋለሁ። ሲመለስ መልሱንና ደረሰኙን ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል፤ ደረሰኝ የሌለው ዕቃ የሆነ እንደ ሆነ፣ ሽንኩርትም ቢሆን ዳቦም ቢሆን፣ ዋጋውን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ያመጣል። «ተው፣ ልጄ» ብዬዋለሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም። «እሺ ጋሼ» ይላል፤ ያስቀምጣልም።